ለቴሌቪዥን ያወረድኩት ሙሾ

አባቴ የተቀበረ ዕለት የሆነውን ለመናገር ከአንድ የካርቱን ፊልም መጀመር አለብኝ። ያሳፍራል፤ ግን ነገሩ ሌላ መጀመሪያ የለውም።

ፊልሙ በሳተላይት የሚመጣ፣ በፈረንሳይኛ የሚናገር የቤተሰብ ኮሜዲ ነበር። ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሚውል ቦርጫም አባት አለ፤ ሚስቱ ከእሱ አሥር እጥፍ ብልህ ናት፤ ልጆቹ አፋቸው አያርፍም። ታሪክ ብሎ ነገር ብዙም አልነበረውም። ጨዋታው ሁሉ ኩረጃ ነው። ዛሬ አንድ ስመ ጥር ዘፋኝ ላይ ይቀልዳል፣ በሳምንቱ የጦር ፊልም ይኮርጃል፣ ቀጥሎ የሳሙና ማስታወቂያ መሳቂያ ያደርጋል። እኔና ታናሽ እህቴ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ነፋስ በሚነፋልን ቬንትሌተር ሥር ምንጣፍ ላይ ተንጋለን፣ አንድ ክፍል ሳያመልጠን እያየን አደግን።

ከሚቀለድባቸው ነገሮች አብዛኞቹን ግን አናውቃቸውም ነበር። ቦርጫሙ ሰውዬ ድንገት ኮቱን ገልብጦ ለብሶ፣ እየተንቀጠቀጠ ሲናገር አንድን ሰው እየኮረጀ መሆኑ ይገባናል፤ ማንን እንደሆነ ግን እንጃ። ቢሆንም እንስቃለን። ዓለምን የተዋወቅናት በቀልዷ በኩል ነው ብል አላጋነንኩም። አድጌ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር፣ የሥራ ባልደረባዬ ቤቷ ጋብዛን አንድ የቆየ ፊልም አሳየችን። ወታደሩ ዝናብ ላይ ተንበርክኮ፣ የሞተ ጓደኛውን ታቅፎ ሲያነባ እኔ ከት ብዬ ሳቅኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ባልደረባዬ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ያንን ትዕይንት በልጅነቴ ቦርጫሙ ሰውዬ የተበላሸ ቴሌቪዥኑን ታቅፎ ሲጫወተው አይቼዋለሁ፤ ዋናው ሲመጣ ለማልቀስ የሚሆን ቦታ ውስጤ አልቀረም ነበር። ያን ቀን አፈርኩና ረሳሁት። እንዲህ ያለው ነገር ከፊልም ውጭም እንደሚደርስ ግን አላሰብኩም።

በልጅነቴ አንድ ነገር ያናድደኝ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ትንሽ ያናድደኛል። ያ ፊልም ያልቀለደበት ሕዝብ የለም። ሩሲያው፣ ጃፓኑ፣ የግብፅ ፈርዖን ሳይቀር ተራው ደርሶታል። እኛን ግን አያውቀንም። እኛ ስል የጅቡቲ ሐበሾችን ማለቴ ነው። አያቶቻችን በባቡሩ ሥራ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ ወላጆቻችን እዚሁ ተወለዱ፤ ይሁንና አዲስ አበባ ስንሄድ የጅቡቲ ልጆች ነን፣ እዚህ ደግሞ ዛሬም ሐበሾቹ ነን። ሰው የሚቀለድበት ሲታወቅ ነው። ማንም የማያውቀውን ማን ይኮርጀዋል? ሥራ ከያዝኩ በኋላ ይህንን ለእህቴ ስነግራት፣ "ታዲያ እኛው ራሳችን አንቀልድም?" አለች። እሷ ኮምፒዩተር ላይ እጇ ፈጣን ነው፤ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ድምፅ መኮረጅ ይሆንልኛል።

ሥራችን እንዲህ ነበር። እህቴ ከፊልሙ ሁለት ሦስት ደቂቃ ትቆርጥና ድምፁን ታጠፋለች፤ እኔ በላዩ ላይ አማርኛ እናገርበታለሁ። የምንቀዳው ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ጫቱን ይዞ ቤቱ ሲከተትና መንገዱ ጭር ሲል ነው። ጩኸቱ እንዳይገባብን ቬንትሌተሩን እናጠፋዋለን። በሐምሌ ጅቡቲ ላይ ቬንትሌተር ማጥፋት ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። መስኮቱን በፍራሽ ደፍነን፣ ላባችን ጠብ ጠብ እያለ፣ ሳቃችንን አፍነን እንቀዳለን። የፊልሙ ዳኛ በእድራችን ጸሐፊ ድምፅ የቀሩ ሰዎችን ስም ይጠራል። ፖሊሱ አማርኛ፣ ሶማሊኛና ፈረንሳይኛ በአንድ ትንፋሽ እየቀላቀለ እንደ ሰፈራችን ባለሱቅ ይጨቃጨቃል። እህቴ ስማችንን ሳታሳውቅ በስልክ ትለቀዋለች፤ በሳምንቱ ካርቲየ 1 ድረስ ሰው ሲያወራው እንሰማለን። እንዲያ ያለ ደስታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ቀምሼ አላውቅም፤ ይህንን መዋሸት አልችልም።

እንግዲህ በመካከላችን ከሁሉ በላይ የታወቀ ሰው ማን ነው ቢባል መልሱ እትዬ ነበሩ። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ሽማግሌውም ልጁም እትዬ ይላቸዋል። አልቃሽ ናቸው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ውስጥ ሙሾ አውርደው ሌላውን የሚያስለቅሱት እሳቸው ናቸው። በሙሽርነታቸው ከድሬዳዋ በባቡር መጥተው፣ ባላቸውን እዚሁ ቀብረው፣ ካርቲየ 1 አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። የሚጠራቸው አይጠብቁም። ሞት በተሰማ በሰዓቱ ጥቁራቸውን ለብሰው ከች ይላሉ።

እንደመጡ ግን አያለቅሱም። ከሟቹ ቤተሰብ አንዱን ወደ ጓዳ ይጠሩና ይጠይቃሉ። ሰውየው በእጁ ምን ይሠራ ነበር? ሲናደድ ምን ይል ነበር? ማንን ሲጠብቅ ሞተ? ከዚያ ድንኳኑ መሃል ገብተው ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ይጠርጋሉ። ሙሿቸው ውስጥ የጀግና ልጅ፣ የአንበሳ ዘር የሚባል ነገር የለም። ሟቹ ጫማውን ረግጦ ይሄድ እንደነበር፣ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይተኛ እንደነበር፣ ሁሉም የሚያውቀውን ግን ማንም ልብ ያላለውን አንድ ነገር ያነሳሉ። ያን ጊዜ ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ያለቅሳል። ስንኙ ሲያልቅ ድምፃቸውን ድንገት ዝቅ ያደርጉና፣ ከበር ማዶ ያለ ሰው የሚያነጋግሩ ያህል፣ "ሰማኸኝ?" ይላሉ። ሶማሊኛ ብቻ የምትናገረው ጎረቤታችን እንኳ ቃሉ ሳይገባት ዳር ቆማ እንባዋን ስትጠርግ አይቻታለሁ።

ዛሬ ሳስበው፣ እትዬና ያ ካርቱን የሚሠሩት ሥራ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር በትክክል ይነኩታል፤ አንዱ ሲነካው ሰው ይስቃል፣ እሳቸው ሲነኩት ያለቅሳል። ያኔ ይህ ቢገባኝ ኖሮ እጄን እሰበስብ ነበር።

ሐሳቡ የእኔ ነበር፤ በእህቴ ማላከክ አልፈልግም። ያ የቴሌቪዥኑ ትዕይንት ትዝ አለኝ። ቦርጫሙ ሰውዬ ዝናብ ላይ ተንበርክኮ የተበላሸ ቴሌቪዥኑን ታቅፏል። ድምፁን አጠፋነውና እኔ እንደ እትዬ ሁለት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ፤

"ዜና ነጋሪዬ፣ ማታ አጫዋቼ፣
ከንግዲህ ማንን ልይ ሶፋ ላይ ተኝቼ?"

ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ሰማኸኝ?" አልኩ። እህቴ ወለሉ ላይ ተንከባለለች።

ሰው ያበደው በዚህኛው ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ሥራ ቦታዬ ሳይቀር ሰው ስልኩ ላይ አጎንብሶ ይስቃል። ልጆች ኳስ ሲያመልጣቸው ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው "ሰማኸኝ?" ይባባሉ ጀመር። ድምፁ የእትዬ የራሳቸው ነው፣ ሳያውቁ ተቀድተው ነው እያለ የሚከራከርም ነበር። እኔ ይህንን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ አንዲት ሴት ሞተች። እናቴን ተከትዬ ሄድኩ። እትዬ መጡ፣ ቤተሰቡን ጠየቁ፣ መሃል ገቡ፣ ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። ከኋላዬ አንዲት ልጅ ሳቅ አመለጣት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች፤ ግን አጠገቧ ያለችው ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ የሚቀጥለዋ። መሳቅ አልፈለጉም፤ ይህንን በደንብ አውቃለሁ። አንዳንዶቹ ሟቿን ከልባቸው የሚወዱ ነበሩ። ግን ቀልዱን አስቀድመው ሰምተዋል። እትዬ ሁለት ስንኝ አሉና ቆሙ። ግራ ቀኝ አዩ። ቀሚሳቸውን ከፊትም ከኋላም በእጃቸው ዳበሱ፤ የተቀደደ ነገር ለብሼ ይሆን ብለው ነው መሰለኝ። ከዚያ ሄደው ጥግ ላይ ተቀመጡ።

በኋላ አንድ ዘመዳቸው ስልኩን አሳይቷቸዋል ተባለ። እስከ መጨረሻው አይተው "ጥሩ ታለቅሳለች" ብቻ ብለው መለሱለት። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት መምጣታቸውን አልተዉም። ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ አፋቸውን ግን አይከፍቱም።

እናቴ ይህንን ስትሰማ ደሟ ፈላ። "ማን ናት እሷ? እናት የላትም? የወለደቻት ሴት ምን ትሆን!" አለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ሽንኩርት እልጥ ነበር። እህቴ አየችኝ፤ እኔ ሽንኩርቴን አየሁ። እትዬ እግር ላይ ልውደቅ ብዬ ስንቴ ተነሣሁ፤ ዛሬ ሙቀቱ በረታ፣ ነገ ሥራ በዛ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ሰበብ። እውነቱ ግን ፈራሁ ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ እንደ ወትሮው ጉንጬን ይስሙኝና "አባትሽ እንዴት ነው? ሳሉ ተሻለው?" ይሉኛል፤ እኔም "እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ ቶሎ እለያቸዋለሁ። እህቴ ፊልሙን ከያዘችበት ሁሉ አጠፋችው። ከሰው ስልክ ግን ማን ያጠፋዋል።

አባቴ ቬንትሌተርና ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር። በካርቲየ 2 እጁ ያልገባበት ቬንትሌተር ያለ አይመስለኝም። ሙቀቱ ሲጀምር ሰው በር ላይ ይሰለፍበታል፤ እሱም ሥራ በዛብኝ እያለ ያማርራል፣ ማንንም ግን ሳይሠራለት አይመልስም። ያ ሁሉ አቧራ ነው መሰል ሳንባው ታመመ። መጨረሻ ላይ ሁለት ደረጃ ወጥቶ ለማረፍ ይቀመጥ ነበር። መሞቱን ያውቃል፤ ማወቁን አይደብቅም። አንድ ቀን አልጋው ላይ ተደግፎ፣ ፊቱ ላይ ያ የተንኮል ፈገግታው መጥቶ፣ "እትዬ ስለ እኔ ምን እንደሚሉ ብሰማ እንዴት ደስ ባለኝ። የሚቀርብኝ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው" አለ።

"እትዬ እኮ ትተውታል" አለች እናቴ።

"ለእኔ ይላሉ" አለ። "ስንት ዘመን ያወቅኳቸው ሴት ናቸው። ለእኔማ አይተዉም።"

እናቴ እጁን ይዛ "ይላሉ፣ እኔ አስላቸዋለሁ" አለችው። ቀልድ ቢመስልም ቀልድ አልነበረም። ሀብት የለው፣ ሹመት የለው፤ የሚጠብቀው አንድ ነገር ቢኖር ሰፈሩ ፊት የሚባልለት ስንኝ ነው። እኔ ይህንን ሰምቼ ወደ ጓዳ ገባሁና ፎጣ ነክሼ አለቀስኩ።

ነሐሴ ላይ ሞተ። ድንኳኑ መንገዱ ላይ ተተከለ። ጎረቤቶቻችን፣ ሐበሻውም ሶማሌውም አፋሩም፣ ማንም ሳይጠይቃቸው እሱ የጠገነላቸውን ቬንትሌተር ከየቤታቸው እያመጡ ዙሪያውን ደረደሩት። ሬሳው ከሆስፒታል መጥቶ መሃል ተቀመጠ። እትዬ መጡ። ማንንም ወደ ጓዳ አልጠሩም፤ ቀጥ ብለው ሄደው ጥግ ላይ ተቀመጡ።

ሰው አላለቀሰም አልልም። ግን የሚመራው አልነበረም። አንዷ ትጀምርና ታቆማለች፣ ሌላዋ ታነሳዋለች፣ ከዚያ ጸጥ ይልና የቬንትሌተሮቹ ድምፅ ብቻ ይሰማል። እናቴ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ ሄዳ እትዬ ፊት ተንበረከከች።

"እትዬ፣ ባሌን ዝም ብለው ሊሸኙት ነው?"

"እኔ አፌን ስከፍት ይስቃሉ፣ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው። "በባልሽ ሬሳ ላይ እንዲሳቅ አልፈልግም።"

"የሚስቅ ካለ እኔ አንቄ አስወጣዋለሁ።"

"እነሱም መሳቅ አይፈልጉም። ግን ያመልጣቸዋል። አይቼዋለሁ።"

ከዚያ ተነሡና ወደ እኔ መጡ። እጄን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ፤ ልክ ድሮ የሟች ቤተሰብን እንደሚጠሩት። ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። ምንም አልጠየቁኝም። "አንቺ ድምፄን ታውቂዋለሽ" አሉኝ። ይቅርታ ልል ስል እጃቸውን ከንፈሬ ላይ አደረጉ። "አሁን ጊዜ የለንም። ስሚኝ" አሉና በጆሮዬ እንዲህ አሉኝ፤

"ለየቤቱ ነፋስ ሲያድል የኖረው፣
ለራሱ ሲሆን ግን እስትንፋስ አጠረው።"

ስንት ሌሊት አስበውት እንደነበር እግዚአብሔር ይወቅ። ለአባቴ አዘጋጅተውለት ነበር። "በዚህ ጀምሪ። ሌላውን አንቺ ታውቂዋለሽ፣ አባትሽ ነው" አሉኝ። ቅጣት ይሁን ምሕረት እስካሁን አልገባኝም።

ወጣሁ። በራሴ ድምፅ ልጀምር አሰብኩ፤ ግን የራሴ የለቅሶ ድምፅ አልነበረኝም። ለቅሶ የተማርኩት እሳቸውን ስኮርጅ ነው። አፌን ስከፍት የወጣው የእሳቸው ድምፅ ነበር፤ ያውም ሳላስበው ጉሮሮዬን ሁለት ጊዜ ጠርጌ። "ለየቤቱ ነፋስ" ብዬ ገና የመጀመሪያውን ስንኝ ሳልጨርስ ከወጣቶቹ መሃል አንዱ ሳቀ። ትንሽ ሳቅ ናት፤ ወዲያው ታፈነች፤ ሌላ ግን ተከተላት። አንዲት ልጅ በሹክሹክታ "እሷ ናት እኮ! የቴሌቪዥኗ!" አለች። ሹክሹክታዋን ድንኳኑ በሙሉ ሰማው።

እናቴ ቀና አለች። መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ቀጥላ እህቴን አየች፤ እህቴ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ እዚያው መሃል፣ ከአባቴ ሬሳ አጠገብ፣ አፌ እንደተከፈተ ቆምኩ። ስንኙን ልጨርሰው ሞከርኩ፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ዲያቆኑ እንነሣ ሲል ሰዎች ሬሳውን አነሱ። አባቴ አንዲት ሙሉ ስንኝ ሳይባልለት ከሰፈሩ ወጣ።

ከአርባው በኋላ እትዬ ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አነሱኝ። ውኃ ሰጡኝ። "ስንት ዓመት ሳለቅስ እንዳንቺ አድርጎ ያዳመጠኝ ሰው የለም፤ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው" አሉኝ። ይቅር ብለውኛል። ወደ ድንኳን መሃል ግን አልተመለሱም፤ ባለፈው ዓመት እሳቸውም አረፉ፤ ለእሳቸውም ሙሾ ያወረደላቸው የለም።

እናቴ ስለዚያ ቀን አትቆጣኝም፣ ትበላለች፣ ታወራኛለች፣ ስታመም ታስታምመኛለች። አንድ ጠዋት የአባቴን ልብስ ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጥ እያጣጠፍን ሳለ፣ እጇ ከሥራው ሳያቋርጥ፣ ጨው አቀብዪኝ በምትልበት ድምፅዋ፣

"የእኔ ቀን ሲደርስ አንቺ ዝም በዪ" አለችኝ።

"እማዬ..."

"እንዳታለቅሺ አላልኩም። አልቅሺ። ድምፅሽን ግን አታሰሚኝ።"

እሺ አልኳት።